ከሱቅ የሚገዛ የፍራፍሬ ጭማቂ ለሰውነት ምን ይሰጣል?

የፍራፍሬ ጭማቂ አብዛኛው ውሃ ነው። ከ100 ግራም የብርቱካን ጭማቂ 88 ያህሉ ውሃ፣ ከ8 እስከ 10 ግራም የሚሆነው ደግሞ ስኳር ነው። ቪታሚኑ፣ ማዕድኑ፣ አሲዱና መዓዛ የሚሰጡት ነገሮች ተደምረው ከጥቂት ግራም አያልፉም። ጭማቂ የጤና መጠጥ የሚል ስም ያተረፈው በዚህች ትንሽ ክፍል የተነሳ ነው። ስለዚህ ከሱቅ የሚገዛ ጭማቂ ሲመዘን ዋናው ጥያቄ ይህች ክፍል ከፍሬው ተነስታ ጠጪው ዘንድ እስክትደርስ ምን ያህሏ ተረፈ የሚለው ነው።

በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር ይህ ጥያቄ የራሱ ክብደት አለው። በላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ በስማዳ ወገዳ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ የታሸገ ጭማቂ ለጥም ማርኪያ ብቻ አይገዛም። የታመመ ሲጠየቅ፣ አራስ ስትጎበኝ፣ ልጅ እህል አልቀምስ ሲል፣ የጾሙ ወራት ሲረዝም "ቪታሚን አለው፣ ጉልበት ይሰጣል" ተብሎ ይገዛል። ማንጎና ፓፓያ የደጋውን ብርድ ስለማይችሉ በጉና ተራራ ዙሪያ ለሚኖረው ሰው ትኩስ ፍሬ ከቆላ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ ካርቶኑ ግን ሳይበላሽ ወራት ይቆያል። አካባቢው በምግብ እጥረት ደጋግሞ የተፈተነ፣ ብዙ ቤተሰብም በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲታገዝ የኖረበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ለአንድ ካርቶን የወጣ ብር ከእንቁላል፣ ከሽሮ ወይም ከዘይት ላይ የተቀነሰ ብር ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት መጠጥ

በንግግር ሁሉም "ጁስ" ይባላል። በምግብ ደረጃ ግን በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙት መጠጦች ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው መቶ በመቶ ጭማቂ ነው። ከፍሬው በቀጥታ ተጨምቆ ይታሸጋል፤ ወይም ደግሞ ውሃው ተንኖ ከወፈረ በኋላ በማሸጊያው ፋብሪካ ውሃ ተመልሶለት ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመጣል። ሁለተኛው ኔክታር የሚባለው ነው። የፍሬው ጭማቂ ወይም የተፈጨው ሥጋ በውሃ ይቀጥንና ስኳር ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት ኮዴክስ የተባለው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ደረጃ መሠረት የብርቱካን ኔክታር ቢያንስ ግማሹ፣ የማንጎና የዘይቱን ኔክታር ግን ቢያንስ ሩቡ ፍሬ መሆን አለበት። ሦስተኛው የፍራፍሬ መጠጥ ነው። በዚህኛው ውስጥ ያለው ፍሬ ከኔክታሩም ያንሳል፤ አንዳንዱ ከውሃ፣ ከስኳር፣ ከሲትሪክ አሲድ፣ ከቀለምና ከማጣፈጫ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲሰላ ጎልቶ ይታያል። ሩብ ሊትር የሚይዝ የማንጎ ኔክታር የደረጃውን ዝቅተኛ መጠን ብቻ ቢያሟላ በውስጡ ያለው ማንጎ 60 ግራም ያህል ነው። ይህም ከአንድ መካከለኛ ማንጎ ሥጋ ከግማሽ በታች ነው። ጥሬ ማንጎ በ100 ግራም 36 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ ስላለው፣ ካርቶኑ ውስጥ የገባው ማንጎ ገና ሳይሞቅና መጋዘን ሳይቆይ እንኳ የሚሰጠው ከ22 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የቀረው የካርቶኑ ክፍል ውሃና ስኳር ነው።

ከፍሬው እስከ ካርቶኑ

በፋብሪካ ውስጥ ፍሬው ታጥቦ ይጨመቃል፤ ልጣጩ፣ ዘሩና አብዛኛው አሰር ተጣርቶ ይወጣል። ከዚያ ጭማቂው ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለጥቂት ሰከንድ ይሞቅና ወዲያው ይቀዘቅዛል። ፓስቸራይዜሽን የሚባለው ይህ ሥራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ቶማስ ዌልች እ.ኤ.አ. በ1869 ዘዴውን በወይን ጭማቂ ላይ ተጠቅሞ፣ ጭማቂው ወደ ወይን ጠጅ ሳይለወጥ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲቆይ አደረገ። የታሸገ ጭማቂ ንግድ ከዚያ ወዲህ የተስፋፋ ነው።

ብዙ ሰው ቪታሚኑን የሚያጠፋው ይህ ማሞቂያ ይመስለዋል። ሙቀቱ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ግን የሚወስደው ቪታሚን ሲ ጥቂት ነው። ብዙውን የሚያጠፉት አየርና ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ያለው ቆይታ ናቸው። ቪታሚን ሲ ኦክስጅን ሲያገኘው ይበላሻል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ብልሽቱ ይፋጠናል። ስለዚህ የማሸጊያው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ብርጭቆ አየር አያስገባም፤ ከወረቀት፣ ከፕላስቲክና ከስስ አሉሚኒየም ተነባብሮ የሚሠራው ካርቶንም አየርና ብርሃን ይከላከላል፤ ተራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን አየር ቀስ በቀስ ያሳልፋል። የሱቁም ሁኔታ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው በነፋስ መውጫ በጥላ የተቀመጠ ካርቶን ማቀዝቀዣ ባይኖርም ቅዝቃዜ ያገኛል። ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች በሚወርደው ቆላ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ወራት የከረመው ግን በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ቪታሚን ሲ አይኖረውም። ቀለሙ ወደ ቡናማ መጥቆሩ የዚህ አንዱ ምልክት ነው።

አምራቾች የሚጠፋውን ለመተካት አስኮርቢክ አሲድ ይጨምራሉ። በማሸጊያው ላይ "ኢ 300" ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ሲሆን፣ ቪታሚን ሲ ራሱ ነው። በፍሬ ውስጥ ከሚገኘውም በአሠራር አይለይም፤ ሰውነትም እኩል ይጠቀምበታል። ሆኖም ፍሬው እጅግ ጥቂት የሆነ መጠጥም ይህን በመጨመር ብቻ "በቪታሚን ሲ የበለጸገ" ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ቪታሚን ሲ መኖሩን እንጂ ፍሬ መኖሩን አያረጋግጥም።

ቪታሚን ሲ ለምን፣ ምን ያህል?

ላም፣ በግና ውሻ ቪታሚን ሲን በሰውነታቸው ይሠራሉ፤ ሰው ግን አይችልም፣ ከምግብ ማግኘት አለበት። ለጥቂት ወራት ፈጽሞ ካላገኘ ስከርቪ የተባለው በሽታ ይይዘዋል፤ ድዱ ይደማል፣ እግሩን ያመዋል፣ የቆየ ቁስሉ ያመረቅዛል። ስኮትላንዳዊው የመርከብ ሐኪም ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 አሥራ ሁለት የታመሙ መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ዓይነት ሕክምና ሲፈትን፣ ቶሎ የተሻላቸው ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። በሽታው ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳንና በሶማሊያ መጠለያዎች ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ብዙዎች በስከርቪ ታመዋል። የሚታደላቸው ራሽን እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት እንጂ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ አልነበረበትም።

የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባወጡት መመዘኛ አንድ አዋቂ በቀን 45 ሚሊ ግራም፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ 30፣ ነፍሰ ጡር 55፣ የምታጠባ እናት 70 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ ያስፈልጋቸዋል። ሩብ ሊትር መቶ በመቶ የብርቱካን ጭማቂ፣ በአግባቡ ከተቀመጠ፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ይሰጣል፤ የአንድ አዋቂን የቀን ፍላጎት ይሸፍናል ማለት ነው። ፎሌት የተባለው ቪታሚንና ፖታሲየምም በመጠኑ አሉት። የፖም ጭማቂ ግን ካልተጨመረበት በቀር ቪታሚን ሲ የለውም ማለት ይቻላል፤ ፖም ራሱ በ100 ግራም ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥምና። የወይን ጭማቂም እንደዚሁ ነው።

ጭማቂ የማይሰጠው

አንድ ምግብ ቪታሚን አለው ሲባል ሁሉም ቪታሚን አለው ማለት አይደለም። ማታ ማታ ዓይን የሚጋርደው ዳፍንት የሚመጣው በቪታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ ጠብታው የሚሰጠውም ለዚህ ነው። የብርቱካንና የፖም ጭማቂ ይህን እጥረት አይሞሉም። ማንጎ ይሻላል፤ ነገር ግን በ100 ግራም ካሮት ውስጥ ያለው ከማንጎው አሥር እጥፍ ይበልጣል፣ ኔክታሩ ደግሞ ሩቡ ብቻ ነው ማንጎ። ቪታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ ስለማይመጠጥ ካሮት፣ ዱባና ጎመን በኑግ ዘይት መሠራታቸው ጥቅማቸውን ያጎላዋል።

በጾም ወራት የሚጎድለው ቪታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ ጭማቂ አይተካውም። ፕሮቲኑ በ100 ግራም ከ1 ግራም በታች ነው፤ ብረቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህ በተለይ ለሕፃናት ትልቅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን ያወጀው ይህን መቀንጨር ለማስቆም ነው። የቀነጨረ ልጅ የጎደለው ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ዚንክ፣ ብረትና በሽታ የሌለበት ልጅነት ነው። ከእነዚህ አንዱንም ካርቶኑ አይሰጠውም፤ ይልቁንም ከምግብ በፊት የጠጣው ጣፋጭ ነገር ትንሿን ሆዱን ይሞላውና ገንፎውን ያስተወዋል።

አሰሩም ይቀራል። ሙሉ ብርቱካን በ100 ግራም 2.4 ግራም አሰር ሲኖረው፣ ጭማቂው የሚተርፈው 0.2 ግራም ብቻ ነው። አሰር ሆድ ያለሰልሳል፣ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቶሎም ያጠግባል። ሦስት ብርቱካን ልጦ የሚበላ ሰው ይጠግባል፤ የሦስቱን ጭማቂ ግን በሁለት ደቂቃ ጠጥቶ ሌላ ይጨምራል።

ስኳሩ

ሩብ ሊትር መቶ በመቶ የብርቱካን ጭማቂ ከ20 እስከ 25 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ይህም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ኔክታሩና የፍራፍሬ መጠጡ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር፣ ከፍሬው የመጣ ቢሆንም፣ በሻይ ላይ ከሚጨመረው ስኳር ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል። የእነዚህ ድምር ከቀኑ ምግብ ጉልበት ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከአምስት በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ አዋቂ አምስት በመቶው 25 ግራም ነው፤ አንድ ካርቶን ብቻውን ይደርስበታል።

ለሕፃናት ጥንቃቄው ይጠብቃል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ በቂ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭማቂ ጨርሶ አይሰጥም፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለው ከ120 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት የቡና ስኒ ከሚሆን መጠን እንዳያልፍ ተወስኗል። በጡጦ እየተጠባ የሚውል ጭማቂ ጥርስ ያበሰብሳል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ጣፋጭ ጭማቂ መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው፤ ስኳሩ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ለእሱ የሚገባው በጤና ኬላ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ሕይወት አድን ንጥር፣ ዚንክና የለመደው ምግብ ነው።

በደጋው ማዕድ ያለው ቪታሚን

ቪታሚን ሲ ለማግኘት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የግድ ካርቶን መጠበቅ የለባቸውም። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው በጉና ግርጌና በጋይንት ደጋ የሚመረተው ድንች ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይታመናል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በ100 ግራም 13 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ አለው። ሦስት አራት ድንች፣ ማለትም 400 ግራም ያህል የበላ ሰው ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ያገኛል። ተልጦና ተቆራርጦ ከተቀቀለ ግን ቪታሚኑ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከወራት ክምችት በኋላም ይቀንሳል።

ቃሪያ ከብርቱካን ይበልጣል። እንደ ዝርያው በ100 ግራም ከ80 እስከ 240 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ ይይዛል፤ ብርቱካን 53 ነው። ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪታሚን ሲን በብዛት ለይቶ ያወጣው ከአገሩ በርበሬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ጥሬ ቃሪያ ተሰንጥቆ፣ ዘሩ ወጥቶ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተሞልቶ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት በሽሮው ጎን የሚቀርብ የቪታሚን ሲ ምንጭ ይሆናል። የአንድ ሎሚ ጭማቂም ወደ 18 ሚሊ ግራም ይሰጣል።

ጎመን በቪታሚን ሲም በቪታሚን ኤም የታወቀ ነው። ሆኖም ለረጅም ሰዓት ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ብዙውን ያጠፋዋል። በትንሽ ውሃ፣ ተከድኖ፣ ቶሎ ቢበስል ይሻላል። እረኛ የሚለቅመው ቀጋ ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ጽጌረዳ ፍሬ ነው። የአውሮፓ ዘመዱ በ100 ግራም ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ቪታሚን ሲ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ብሪታንያ የሚገባው ብርቱካን በጣም ሲቀንስ ሕዝቡ ይህን ፍሬ ከዱር ለቅሞ ለሕፃናት ሽሮፕ ይሠራበት ነበር። ቀጋ ሲበላ ቀዩ ሥጋ ብቻ ይነጫል፤ ዘሩን የሸፈነው ፀጉር አፍና ጉሮሮ ያሳክካልና በደንብ መጽዳት አለበት።

እነዚህ ምግቦች ከእህሉ ጋር አብረው መበላታቸው ሌላ ጥቅም አለው። በጤፍ፣ በምስርና በሽምብራ ውስጥ ያለው ብረት ብቻውን ሲበላ በቀላሉ አይመጠጥም፤ በዚያው ማዕድ ላይ ቪታሚን ሲ ሲኖር ግን ሰውነት የሚወስደው መጠን ይጨምራል። ሻይና ቡና ደግሞ ይህንኑ ስለሚከለክሉ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ላለባት ሴት ጠቃሚ ነው።

ሲገዛና ሲጠጣ

ጭማቂ የሚገዛ ሰው ከሥዕሉ ይልቅ በጎን የተጻፈውን ማንበብ አለበት። የይዘቱ ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ "ውሃ፣ ስኳር" ብሎ የሚጀምር መጠጥ አብዛኛው ውሃና ስኳር ነው። ቀጥሎ የፍሬው መቶኛ ይታያል። "ስኳር አልተጨመረበትም" የሚለው ጽሑፍ ከፍሬው የመጣውን ስኳር አያስቀርም። የምግብ ደኅንነት በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚመራ ሲሆን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ጊዜው ያለፈበት፣ ያበጠ ወይም የሚያፈስ ካርቶን አይገዛም፤ የተከፈተም በቀዝቃዛ ቦታ ተከድኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ጭማቂ የሚረዳበት ጊዜ አለ። ማላመጥ ላቃተው በሽተኛ መቶ በመቶ የብርቱካን ጭማቂ ቪታሚን ሲና ጥቂት ጉልበት ይሰጠዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሲያልበውና ሲያንቀጠቅጠው ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ቶሎ ያነሳዋል፤ በሌላው ጊዜ ግን መታቀብ ይሻለዋል። ጤነኛ አዋቂም ከምግብ ጋር አንድ ትንሽ ብርጭቆ ቢጠጣ አይጎዳም። ለአራስ ግን አጥሚቱ፣ እንቁላሉና ጎመኑ ይቀድማሉ፤ የታመመ የሚጠይቅ ሰውም በካርቶኑ ዋጋ ጥቂት ብርቱካንና እንቁላል ይዞ ቢሄድ ለበሽተኛው ከቪታሚኑ በተጨማሪ አሰርና ፕሮቲን ያደርስለታል።